ነጥብ በነጥብ

በብስኩት ቆርቆሮ ከአልጋ ሥር ተገኘ
የፎቶ አንሺው የቦንዶ የዕድሜ ልክ ሥራ፤
እየተጠቀለለ፣ እየተሸበሸበ፣
ሦስት መቶ ስድሳ ፍሬም ከነአቧራ።

እኔ የቺያቱራ ቤተ መጻሕፍት ነኝ፣
ምድር ቤት ወርጄ አንድ ክፍል የሰጡኝ፤
አንድ ስካነር፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ወንበር።
ከመስኮቴ በላይ፣ በሁለት ገደል መሐል፣
ገመድ ላይ ተሰቅሎ የሚዝግ ሳጥን፣
ማዕድን ቆፋሪ ይጭን የነበር።

ኔጋቲቭ ግልብጥ ነው፤ ከጉድጓድ የወጣ፣
ማንጋኒዝ ጠጥቶ ከል ለብሶ የመጣ፣
ፊልሙ ላይ ሲታይ ወተት የመሰለ፣
ጥርሱ ብቻ ጠቁሮ የተከሰለ።
ስገለብጠው ግን፣ ሁሉም ሲመለስ፣
አቧራው ነጭ ሆኖ ሰማዩን ሲያለብስ፣
ጭረቱ ጥቁር ክር፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ።

ለከለር ፊልም ማሽኑ ሌላ ዓይን አለው፣
በማይታይ ብርሃን አቧራ የሚለየው።
ጥቁርና ነጭ ግን ከብር ነው የተሠራ፤
ብር ያንን ብርሃን አያሳልፍም፣
ማሽኑ ግራ ገብቶት ሰውየውን ያጠፋል፣
አቧራ ነው ብሎ።

ስለዚህ በእጅ ነው። ብሩሹን አሳንሼ፣
ከጎረቤት ሰማይ ጥቂት ተበድሬ፣
ነጥቡ ላይ እደፋለሁ። ጠቅ። ሌላ። ጠቅ።
ይሄ የድመት ፀጉር ነው፤ ቦንዶ ድመት ነበረው። ጠቅ።

በመጀመሪያው ሳምንት በጣም ጎበዝ ነበርኩ፤
ጉንጩን ላጽዳ ብዬ ፈንጣጣውን ነቀልኩ፣
አገጩ ላይ ያለውን ጠባሳ አስወገድኩ።
ሚስቱ መጥታ አየችና፣ "ይሄ ማነው?" አለች።
ከዚያ ወዲህ ፊት ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሁለት መቶ አሥራ አራት። የፈረቃ ለውጥ።
ጣቢያው ሥር የቆሙ አሥራ አንድ ሰዎች፣
ሁሉም አንጋጠዋል፤
በላያቸው ሰማይ ዱቄት የተነፋበት፣
ነጭ በነጭ ነጥብ፣ ማብቂያ የሌለበት።
ሦስት ቀን ለቀምኩ፣ ከግራ ጀምሬ፣
ጤፍ ውስጥ አሸዋ እንደሚፈልግ ሰው አንገቴን ሰብሬ፤
ሐሙስ ከሰዓት ላይ ግማሹ ሰማይ ጠራ፣
ባዶ፣ የለሰለሰ፣ ያለ አንድ አቧራ።

ቫዣ ማገዶ ይዞ ገባ። ጡረተኛ ነው፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጥኑን የነዳው።
ጓንቱን ሳያወልቅ ስክሪኑን አየና፣
"በረዶውን ማን አቆመው?" አለ።

"የምን በረዶ?"

"የዚያን ቀን በረዶ ነዋ! መብራት ጠፍቶ፣
ሳጥኑ ገመድ ላይ አራት ሰዓት ቆሞ፣
ኦታር ውስጡ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ።
ሳጥኑስ አይታይም፤ እዚህ ጋ ግን፣ እዚህ፣
አንዲት ነጭ ነበረች፤
የራስ ቁሩን መብራት እያወዛወዘ
አለሁ ይለን ነበር።"

ጣቱ ያረፈበት ምንም አልነበረም።
እኔ ነኝ። ማክሰኞ። ጠቅ።

"መልስ" የሚለውን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ፤
ሃምሳ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ሄደ፣
ሃምሳ ቅንጣት በረዶ ተመልሶ ወረደ፤
ከዚያ በላይ ማሽኑ አያስታውስም።

ቆርቆሮውን ከፍቼ ፊልሙን አወጣሁ፤
ጠርጌ አንድ ጊዜ፣ ጠርጌ ሌላ ጊዜ አነበብኩት፤
ሁለቱን ምስሎች አንዱን ባንዱ ደረብኩ።
ቦታውን የለቀቀው አቧራ ነው።
ባለበት የጸናው በረዶ ይሆናል፣
ወይም ፊልሙ ሳይደርቅ ገብቶ የተኛ አቧራ፤
እሱም ይሄን ሁሉ ዓመት አብሯቸው ኖሯል፣
በምን አስወጣዋለሁ?

መብራቷ ግን አለች። ከገመዱ ሥር።
ቫዣ ወንበር አጥቶ ማገዶው ላይ ተቀመጠ።
"ይቺ?" እለዋለሁ። "ተዪያት።" "ይቺስ?" "አላውቅም።"
"ይቺስ?" ዝም ይላል። ምድጃው ይንጣጣል።

ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ላይ ኦታር ወርዷል፤
ሲጋራ ለኩሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል፤
ከትከሻው እስከ ወገቡ፣ ግራጫ ካፖርቱ ላይ፣
አንድ ረጅም ጥቁር ጭረት።

"ይሄን እንኳ አጥፊው" አለ ቫዣ።
"የተቀደደ ይመስላል። ይበርደዋል።"